የአሻንጉሊት መኪናው ጠርሙስ እና የመንዙ ጄሪካን

በአውሮፓና በአሜሪካ ትልልቅ ሰዎች በርቀት መቆጣጠሪያ በሚነዱ ትናንሽ መኪኖችና አውሮፕላኖች ይጫወታሉ። የአንዳንዶቹ ሞተር በመዳፍ ውስጥ ይገባል። ይህች ሞተር የምትጠጣው ነዳጅ ግን ጠርሙሱ ላይ ማንነቱ ተጽፎ ነው የሚሸጠው፦ ኒትሮሜቴን 20 በመቶ፣ ዘይት 12 በመቶ፣ ቀሪው ሜታኖል። ገዢው የሚከራከረው 20 ይሻላል ወይስ 30 በሚለው ላይ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ግን ያውቃል።

ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ በጓሳ ዙሪያ ወፍጮ የሚያስፈጭ ሰውስ? ጄሪካኑን ይዞ ይመጣል፣ የተባለውን ይከፍላል፣ የተቀዳለትን ይጭናል። ናፍጣው ንጹሕ ይሁን፣ ኬሮሲን ይግባበት፣ ውሃ ይኑርበት የሚነግረው ጽሑፍ የለም። ለአሻንጉሊት የተሰጠው ክብር የመንደሩን ገብስ ለሚፈጭ ሞተር አልተሰጠም። ይህ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም።

ነገሩ እንዲገባ የአሻንጉሊቱን ነዳጅ ትንሽ መፈተሽ ይጠቅማል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሜታኖል ወደ 6.5 ኪሎ ይበቃዋል። ኒትሮሜቴን ደግሞ 1.7 ኪሎ ብቻ፤ ምክንያቱም ኦክስጅኑን በከፊል በራሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። በክብደት ሲለካ ከቤንዚን በጣም ያነሰ ጉልበት ነው ያለው። ነገር ግን ሞተሯ በሳበችው በዚያው አየር ብዙ እጥፍ ነዳጅ ማቃጠል ስለምትችል የምታወጣው ኃይል ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ለመኪና ሞዴል ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ ለአውሮፕላን ከ5 እስከ 15 በመቶ የተለመደ ነው። ብዙ ኒትሮ የሚጨምር ሰው የሞተሩን እመቃ መቀነስ አለበት። ዘይቱን መቀነስ ግን አይቻልም፤ ያቺ ሞተር ሌላ ማለስለሻ የላትም፣ የምትለሰልሰው ከነዳጁ ጋር በሚገባላት ዘይት ብቻ ነው። (ይህን አንብቦ ኒትሮ ለባጃጅ ያስመጣል የሚል ሰው ካለ ይተወው። የባጃጁን ፒስተን ይበላዋል። ሜታኖሉም ሰው ቢጠጣው ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል መርዝ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ጀምሮ ከ16 በመቶ በላይ ኒትሮሜቴን ያለበትን ድብልቅ ተራ ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይገዛ ተከልክሏል፤ ለፈንጂ መሥሪያ ሊውል ይችላልና።)

ከዚህ ሁሉ ለመንዝ የሚጠቅመው አንድ ቁም ነገር ነው፦ የሞተር ጉልበት ከነዳጁ ይልቅ በአየሩ ይወሰናል።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላይ የተዘረጋ ምድር ነው። 3,500 ሜትር ላይ ያለ አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር ጥግግቱ 70 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ሕንድ ወይም ቻይና ውስጥ ቆላ ላይ ተፈትኖ 10 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር ጓሳ ሲደርስ ሰባት ቢሆን ነው። ማንም አልሰረቀውም፤ አየሩ የለም። ችግሩን በቦሌም ማየት ይቻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ በመንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ሲሞላ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ ሲበር የኖረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በቦሌ ስስ አየር ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ መነሳት ይከብዳል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ የተመረጠው አዲሱ የአየር ማረፊያ ሥፍራ ከቦሌ ዝቅ ማለቱ እንደ ጥቅም የሚቆጠረውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ጓሳ ከቦሌም ወደ አንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል።

አየሩ ሲሳሳ ምን ይሆናል? ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ የሚሰጠው ቤንዚን ብዙም ሳይቀንስ አየሩ ይቀንስበታል። ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ይለምናል፣ ፍጆታው ይጨምራል። የናፍጣ ወፍጮም እንደዚሁ ነው፤ ፖምፓው የሚልከው ናፍጣ ያው፣ የሚያቃጥለው አየር ግን ትንሽ። ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ጥላሸት ይከማቻል። በዚህ ላይ የጓሳ ውርጭ አለ፤ በበጋ ሌሊት ውሃ በሚረጋበት አገር ጠዋት ሞተር ማስነሳት ራሱ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ነዳጅ ላይ ባዕድ ነገር ሲቀላቀል ሞተሩ የሚያሳየው ምልክት ምንድን ነው? ካንዴላ መጥቆር፣ ጭስ መብዛት፣ ጉልበት ማነስ፣ ለመነሳት ማስቸገር። ማለትም ከላይ የተዘረዘረው ራሱ! ኬሮሲን የገባበት ቤንዚን ቆላ ላይ በሚሠራ ሞተር ውስጥ ቢሆን የሚንኳኳ ድምፅ አውጥቶ ራሱን ያጋልጣል። ስስ አየር ላይ ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ያ ድምፅ ይደበዝዛል። ደጋው ለቀላቃዩ ምስክር እንዳይገኝበት ያደርጋል ማለት ነው። ባለወፍጮው ቅሬታ ቢያቀርብ ሻጩ «የከፍታው ነው» ይለዋል። መካኒኩም «የከፍታው ነው» ይለዋል። ግማሹ እውነት ስለሆነ ደግሞ ማንም መከራከር አይችልም።

ኬሮሲን የበዛበት ናፍጣ ጉዳቱ የከፋ ነው። የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ልክ እንደ አሻንጉሊቷ ሞተር። ኬሮሲን ደረቅ ነው። ጠዋት ሞተሩን ቶሎ ሊያስነሳው ይችላል፤ ለዚህም ሲሉ አውቀው የሚጨምሩ አይጠፉም። ቀስ በቀስ ግን ፖምፓውን ይበላዋል። ፖምፓው ሲሞት ወፍጮው ይቆማል። ወፍጮ ሲቆም ባለቤቱ ገንዘብ ይከስራል፤ ሌላውን ዋጋ የምትከፍለው ግን እህሉን በአህያ ጭና ወደሚቀጥለው ወፍጮ የምትሄደው ሴት ናት። አህያ ከሌላት በጀርባዋ። ርቀቱ ከበዛ ደግሞ አያቷ ወደተንበረከከችበት የድንጋይ ወፍጮ ትመለሳለች።

በዚህ መሐል ሰው የማይጠቅመውን ይገዛል። በመለዋወጫ ሱቆች በትናንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ «ኦክቴን ከፍ የሚያደርግ» ፈሳሽ አለ። ከፍታ ላይ ሞተር የሚፈልገው ኦክቴን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች ከሌላው ቦታ ያነሰ፣ ባለ 85 ኦክቴን ቤንዚን እንደ መደበኛ የሚሸጠው በዚህ ስሌት ነው። ለመንዝ ባጃጅ ያ ጠርሙስ ብክነት ነው። የሚበጀው ቤንዚን የምታሳልፈውን የካርቡሬተር ቀዳዳ በትንሽ ማስቀየር፣ የአየር ማጣሪያን ማጽዳት፣ ለወፍጮ ደግሞ የፖምፓውን ልክ ዝቅ አድርጎ የፍጪውን ጭነት መቀነስ ነው። ይህን ሁሉ ግን የሚያስተካክል ሰው የተቀዳለት ነዳጅ ትክክለኛ መሆኑን ማመን አለበት። የተበላሸ ነዳጅ ላይ የተስተካከለ ሞተር ነገ ደህና ነዳጅ ሲያገኝ ይዛባል።

መንግሥት በነዳጅ ላይ ብዙ ሠርቷል፤ የሠራው ግን አንድ ወገን ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በቴሌብርና በመሳሰሉት እንዲከፈል አድርጓል። በ2017 ዓ.ም. የነዳጅ ግብይት አዋጅ አውጥቶ ቅጣቱን አክብዷል። በጄሪካን መቅዳት ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ማን፣ መቼ፣ ስንት ሊትር እንደገዛ ይታወቃል። ምን እንደገዛ ግን አይታወቅም። ቁጥጥሩ በሊትርና በብር ላይ ነው፤ ጥራቱ ላይ ያለው ዓይን ወደ ገጠር በወጣ ቁጥር ይፈዝዛል።

የጄሪካን ክልከላው ምክንያት አለው። ጥቁር ገበያ አለ፤ በአማራ ክልል ካለው የጸጥታ ሁኔታ አንጻርም ቁጥጥሩ ቢጠብቅ የሚገርም አይደለም። ነገር ግን ወፍጮ ጎማ የለውም፤ ማደያ ድረስ ነድቶ አይሄድም። የፈቃድ ደብዳቤ ለማግኘት ቀን የሚያባክን ባለወፍጮ መጨረሻው ያው መንገድ ዳር ነው፤ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ዘንድ። (በእውነተኛው ሃይላንድ ላይ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን! ስያሜው ራሱ ይቀልዳል።) ስለዚህ ክልከላው እንዳለ ሆኖ የፈቃድ አሰጣጡ ካልቀለለ፣ ሕጉ የገጠሩን ገዢ ከሚጠየቅ ሻጭ ነጥቆ ለማይጠየቅ ሻጭ ያስረክበዋል። ለተመዘገበ ወፍጮ የዓመት ፈቃድ ሰጥቶ፣ የወሩን ሊትር ወስኖ፣ ክፍያውን በዚያው በቴሌብር መከታተል ምን ያስቸግራል?

ጥራቱን መለካትም ላቦራቶሪ የሚያስገነባ ነገር አይደለም። በሕንድ ደንበኛ ከጠየቀ ማደያው የማጣሪያ ወረቀት አቅርቦ ቤንዚኑን ማሳየት ግዴታው ነው፤ ጠብታው ተንኖ ዘይታማ ምልክት ከተወ ነገር አለበት። የጥግግት መለኪያም ማደያው ላይ ይቀመጣል፤ ቦቴው ሲያራግፍ የተመዘገበው ቁጥርና ከቧንቧው የሚወጣው ነዳጅ ቁጥር ይነጻጸራል። ባጃጁ ከሕንድ መጥቷል፤ መለኪያው አብሮት ሊመጣ ይችል ነበር። ቤንዚን በሊትር ከ720 እስከ 775 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ናፍጣ ከ820 እስከ 860 አካባቢ፤ ኬሮሲን በመካከላቸው ነው። በብርጭቆ ውስጥ የምትንሳፈፍ መለኪያና አንድ ቴርሞሜትር ይበቃሉ። በትንሹ የተቀላቀለውን ላትይዝ ትችላለች፤ ዓይን ያወጣውን ግን ትይዛለች።

ማን ይያዛት? ይህ ጥያቄ በመንዝ መልስ ያጣል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የጓሳን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት (ከቅርቡ የወጣቶች ንቅናቄ ጋር በስም እንጂ በሌላ አይገናኝም) ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ፣ የሚታጨድበት ጊዜ በስምምነት ተወስኖ፣ የጣሰው ይቀጣ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ካፈረሰው በኋላም ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ። የሣር ዘለላ የሚቆጥር ማኅበረሰብ የነዳጅ ጥግግት ማንበብ አያቅተውም። የሚጎድለው ሥልጣኑ ነው፦ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት መለኪያውን ገዝቶ ለወፍጮ ባለቤቶችና ለባጃጅ ማኅበራት ተወካይ ቢሰጥ፣ ተወካዩም ማደያ ገብቶ እንዲለካ በደብዳቤ ቢፈቀድለት፣ ልኬቱ ከተዛባ ደግሞ ናሙናው ታሽጎ ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን እንዲላክ ቢደረግ።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ መጪው ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው ይባላል። ይሁን። መስመሩ ጓሳ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ድረስ እስኪዘረጋ፣ ከተዘረጋም በኋላ ወፍጮ የሚያዞር ኃይል እስኪኖረው ድረስ ገብሱ የሚፈጨው በናፍጣ ነው።