አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

በየዘመኑ በየምክር ቤቱ አንድ ሰው አይታጣም። ይነሣና ይናገራል፤ ቃሉም ሁልጊዜ ያው ነው፦ ባለሀብቱን በግብር አታስጨንቁት፣ ከተጨነቀ ሥራ አይከፍትም፤ መንግሥትም እጁን ይሰብስብ፣ ወጪው በዝቷል። ይኸንንም ለድኻው አስቦ እንደሚናገር ይምላል። እኛም ቃሉን ከታሪካችንና ከሠፈራችን ጋር አስተያይተን መልስ ልንሰጠው ተነሥተናል።

ሰውዬው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚመረጥ ሰው በምርጫ ወረዳው ንብረት ሊኖረው ግድ ነበር። ታዲያ ጭሰኛው ንብረት ከየት ያምጣ? ወንበሩ ለባለርስቱ ሆነ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ ሲቀርብ ባለርስቶቹ እንደራሴዎች አለሳልሰው አሳለፉት። የጎጃም ገበሬ ግን ርስቴ ሊለካብኝ ነው ብሎ ሲያምፅ ጦር ተላከበት። ባለርስቱ በንግግር ያገኘውን ገበሬው በደሙ ጠየቀ ማለት ነው። የጭሰኛውን ውል የሚያስተካክለው ረቂቅ ሕግማ በዚያው ምክር ቤት ሲንከባለል የ1966 አብዮት ደረሰበት።

ዛሬ ባለርስት የለም፤ ክርክሩ ግን አለ። ደመወዝተኛው በ2008 በወጣው ሕግ ከ600 ብር በላይ ካገኘ ግብር ይቆረጥበት ነበር። ኑሮው እሳት ሆኖ ሳለ ይህች 600 ብር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳትነቃነቅ ቆየች። በሐምሌ 2017 ምክር ቤቱ ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረጋት። መልካም! ግን ከ14,000 ብር በላይ ባለችው ብር ላይ አስተማሪውም፣ በመቶ ሺህ የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅም እኩል 35 በመቶ ይቆረጥባቸዋል። የኩባንያ ትርፍ ደግሞ 30 በመቶ ነው። ላቡን የሚሸጥ ሰው ከትርፍ በላይ የሚገበርበት ሒሳብ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ደመወዝተኛው ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ይቆረጥበታል፣ አይሸሽም፣ አይደብቅም። ቡና አፍልታ የምታድረውም እናት ሳሙና ስትገዛ 15 በመቶዋን ከፍላ ትወጣለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኸ ነው።

«ግብር ሲቀንስ ሥራ ይበዛል» የሚለው ተስፋ በባዕድ አገርም ተፈትኗል። የአሜሪካዋ ካንሳስ እ.ኤ.አ. በ2012 ግብሯን ቀነሰች። የተባለው ዕድገት ሳይመጣ በጀቷ ተቦረቦረ፤ በ2017 የገዥው የራሱ ፓርቲ የሚበዛበት ምክር ቤት የገዥውን እምቢታ አልፎ ሕጉን ሻረው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

«የመንግሥት ወጪ ሥራ አይፈጥርም» የሚለንን ሰው ደግሞ ካዛንቺስ ይዘነው እንውረድ። የሠፈሩ ስም ራሱ ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ካሠራበት ድርጅት የተወሰደ ነው። የአፍሪካ አዳራሽ በመንግሥት ገንዘብ ተሠርቶ በ1953 ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 እዚያው ተመሠረተ። ከዚያ ወዲያ በቂርቆስ ስንት ሆቴል፣ ስንት ምግብ ቤት፣ ስንት ታክሲ፣ ስንት ጸሐፊና አስተርጓሚ በዚያ ወጪ ዙሪያ እንጀራውን እንደበላ ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ነው።

ወጪ ሁሉ ይባረክ አላልንም። ወጪ ይመርመር ከተባለ እኛ ከፊት እንሰለፋለን። በ2017 ለኮሪደር ልማት ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የሄዱት ሰዎች ሒሳቡን ከማንም በላይ የመጠየቅ መብት አላቸው፤ የፈረሰው ግድግዳ ብቻ አይደለማ፣ ደንበኛና ጉርብትናም አብሮ ፈርሷል። ወግ አጥባቂው ግን «ይመርመር» ሲል ይኸን አይደለም የሚመረምረው። ዓይኑ የሚያርፈው በነርሷ ደመወዝ፣ በትምህርት ቤቱ ምገባና በዳቦ ድጎማ ላይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ግብር ይብዛ ወይስ ይነስ» አይደለም። ማን ይከፍላል? ለማንስ ይወጣል? ይኸን ሁለት ጥያቄ ሳይመልስ ስለ ሥራ ፈጠራ የሚሰብክልን እንደራሴ፣ የ1960ዎቹን ወንበር ወርሶ በአዲስ ሱፍ ተቀምጦበታል እንላለን። አይደለም የሚል ካለ፣ ይኸው ወረቀቱ፣ ይኸው ብዕሩ፤ በሚቀጥለው እትም ይምጣና ይሟገተን።