ባትሪው ምን አደረገ?

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ የመኪናዬ የፊት መብራት እየደከመ መጣ። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ከጎኔ እናቴ አለች፤ ከኋላችን የጭነት መኪና ይመጣል። መጀመሪያ ሬዲዮው ጠፋ፣ ቀጥሎ የዝናብ መጥረጊያው ተንቀራፈፈ፣ ከዚያ ሞተሩ ቀጥ አለ።

ሞተር ሲጠፋ መሪው እንደሚከብድ፣ ፍሬኑም እንደሚደነድን የገባኝ ያኔ ነው። ባለ በሌለ ኃይሌ ረግጬ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ ዳር ያዝኩ። የኋላ መብራት ስለሌለኝ የጭነት መኪናው ሹፌር ያየኝ በመጨረሻው ሰዓት ነው። ክላክሱን እያንባረቀ አለፈን። እናቴ «አልሃምዱሊላህ» ብላ ዝም አለች።

የሚገርመው፣ ባትሪው ከተገዛ ሁለት ወሩ ነበር። ከእሱ በፊትም አንድ ቀይሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ «ባትሪው ሞቷል» ተባልኩ፤ እኔም አመንኩ። ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት ያለው ቀይ መብራት ለሳምንት በርቶ ሲከርም እንኳ «አዲስ ነው እኮ» ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ኮፈኑን ከፈተ። መኪናዋን በኬብል ከሌላ መኪና አስነስቶ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ደገነ። ከ12 ቮልት በታች። «ወንድሜ፣ ባትሪው ምን አደረገ? ዲናሞህ እኮ አይሞላም» አለኝ። ፊውዝ ሳጥኑን ሲከፍት ደግሞ በአንዱ ፊውዝ ቦታ የተጠመዘዘ የመዳብ ሽቦ አገኘ። ማን እንዳስገባው እስከዛሬ አላውቅም።

ነገሩ ቀላል ነው። ያደረ ጤነኛ ባትሪ ሞተር ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር ሲነሳ ግን ዲናሞው ስለሚሞላው ብዙ ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ካልደረሰ መጀመሪያ የሚፈተሸው ዲናሞው፣ ቺንጋው ወይም የላላ ሽቦ ነው። የፊውዝ ሥራ ደግሞ ቀድሞ መቃጠል ነው። በሽቦ ከተካነው ቀድሞ የሚቃጠለው የመኪናው ገመድ፣ ሲብስም መኪናው ይሆናል።

እኛ ጋ ባትሪን መወንጀል ይቀላል። የደሴ ብርድ ጠዋት ማስነሳትን ያከብዳል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት የባትሪ ዕድሜ ያሳጥራል። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለቱንም እናገኛለን። ግን ሳይለኩ «ቀይረው» ማለት ጥገና አይደለም፣ ግምት ነው። የግምቱን ዋጋ የምንከፍለው እኛ ነን።

ነገሩ ወደፊትም ይብሳል እንጂ አይቀልም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አሮጌዎቹን ይዘን እንቆያለን፤ አዲሶቹ የሚመጡት ኤሌክትሪክ ሆነው ነው። ለሁለቱም የሚያስፈልገን ለክቶ የሚሠራ ባለሙያ ነው።

እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። የቦሎ ምርመራ ሲደረግ መብራቱ፣ የዲናሞው ቮልቴጅና የፊውዝ ሳጥኑ ከምር ይታዩ። ጋራዦች ባትሪ ቀይር ከማለታቸው በፊት የለኩትን ቁጥር ያሳዩን። እኛም «ስንት አነበበ?» ብለን እንጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስልካችን 20 ፐርሰንት ሲደርስ ቻርጀር ፍለጋ የማንሮጠው ማን አለ? አልሞላ ካለም መጀመሪያ የምናየው ቻርጀሩንና ገመዱን ነው፤ ዘለን አዲስ ባትሪ አንገዛም። ለመኪናስ ይህን ያህል እንኳ ብናስብላት? ያቺ ቀይ መብራት ከበራች ሐረጎን ለመውረድ አትነሱ።