የቤተ ሰብን መዝገብ ወደ አዲስ ዲስክ ስለ ማዛወር

ቀድሞ የአንድ ቤተ ሰብ ሰነድ የሚጠበቀው በሣጥን ነበረ፤ የርስቱ ወረቀት፤ የጋብቻው ውልና የወላጆች ፎቶግራፍ በአንድነት ተቈልፎበት ይቀመጥ ነበረ። ዛሬ ግን የዚህ የሚበዛው ክፍል የሚገኘው በኮምፒዩተር ውስጥ ባለ፤ ከእጅ መዳፍ በማይበልጥ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ልጆቻቸው በባሕር ማዶ የሚኖሩ የቦሌ ሚካኤል ቤተ ሰቦችም የልጅ ልጆቻቸውን ሥዕልና ድምፅ የሚያኖሩት በዚሁ ላይ ነው።

የቀድሞው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ስለ ሆነ፤ እንደ ማናቸውም ተንቀሳቃሽ መኪና በጊዜ ብዛት ይደክማል። ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው ዓይነት ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ስለዚህ ፈጣን ነው፤ መናወጥንም ይበልጥ ይችላል። ነገር ግን ወደ እርሱ መዛወር ማለት ፎቶግራፉንና ደብዳቤውን መገልበጥ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስን የመሰለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የቤቱ አዛዥ ነው፤ ፋይሎቹ ብቻ ቢገለበጡ ዕቃው ገብቶ አዛዡ በውጭ እንደ ቀረ ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩም አይነሣም። ስለዚህ ዲስኩን ከነሥርዓቱ እንዳለ መገልበጥ፤ ማለት ክሎን ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ክሎንዚላን የመሰለ ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም አለ።

የሥራው ተራ እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ ዋና ዋናው ሰነድ በሌላ በሦስተኛ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። በአሮጌው ላይ ያለው ሁሉ በአዲሱ የሚበቃ መሆኑ ይታይ። ኮምፒዩተሩ በቢትሎከር የተቈለፈ እንደ ሆነ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቍጥር በወረቀት ተጽፎ ይያዝ። መብራት ቢጠፋ ሥራው በመካከል እንዳይቋረጥ ባትሪው ይሞላ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ምንጩንና መድረሻውን ማሳሳት ነው፤ መድረሻ ተብሎ በተመረጠው ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋልና። ስለዚህ የሁለቱ ስምና መጠን ሁለት ጊዜ ሳይነበብ ትእዛዝ አይሰጥ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና። አሮጌው ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን በቤት አይሞከር፤ ወዲያው ጠፍቶ ለባለሙያ ይሰጥ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ ብዙዎች ኮምፒዩተራቸውን ለማደስ ያስባሉ። ይሁን እንጂ ክሎን ማድረግ የነበረውን እንዳለ ያዛውራል እንጂ ዊንዶውሱን አያድስም፤ ሁለቱ ሥራዎች ተለይተው መታወቅ አለባቸው።

በጽሕፈት ቤት ሥራ የቆየን ሁላችን እንደምናውቀው፤ ግልባጩ ከዋናው ጋር ሳይመሳከር ዋናው አይወገድም። በ1973 እ.ኤ.አ. የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ሲጀመር የተሠራው በዚህ ጥበብ ነው። ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ ብራናው ለባለቤቶቹ ቀረ፤ ፊልሙም በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ፤ በሁለት ስፍራ ተቀመጠ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ ነው።

እንዲሁም አዲሱ ዲስክ ከገባ በኋላ አሮጌው ወጥቶ ኮምፒዩተሩ ይነሣ፤ ደብዳቤው ይከፈት፤ ሥዕሉ ይታይ፤ ድምፁም ይሰማ። አሮጌውም ጥቂት ሳምንት ሳይነካ ይቆይ። ኋላም ለሌላ ሰው የሚሰጥ ወይም የሚሸጥ ከሆነ የቤተ ሰቡ ምስጢር በባዕድ እጅ እንዳይወድቅ ፈጽሞ ይደምሰስ። አዲስ ዲስክ በገንዘብ ይገዛል፤ ያረፉ አባት ድምፅ ግን በገበያ አይገኝምና፤ የቤት አባቶችና እመቤቶች ይህን ሥራ ለልጆች ብቻ ሳይተዉ በዓይናቸው እያዩ ቢያስፈጽሙት መልካም ነው እንላለን።