የሚሺጋን ሐይቅ ሳልመን፤ የአዳኝና የታዳኝ ሒሳብ

ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ሲል ስለ አጥንቱ ማሰቡ ነው። ዳሩ ግን አጥንቱ ከጉሮሮ ከመድረሱ በፊት ዓሣው ከውሃ መውጣት አለበትና ለማውጣቱ ሌላ ብልሃት ያስፈልጋል፤ ዓሣው ከውሃው ውስጥ እንዳያልቅ ለማድረግ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ብልሃት ይጠይቃል። ዛሬ ለውድ አንባቢያችን የምናወጋው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ብልሃት ነው። ለምሳሌ የምናቀርበውም በአሜሪካን አገር በሚሺጋን ሐይቅ ላይ በኪራይ ጀልባ እየሄዱ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ የማጥመድን ሥራ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ሐይቁ ስፋት ጥቂት እንበል። የእኛ ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሚሺጋን ሐይቅ ግን ወደ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ ከሰሜን እስከ ደቡብ ከ490 ኪሎ ሜትር አያንስም፤ በጣም በጎደጎደው ስፍራ ጥልቀቱ 281 ሜትር ይደርሳል። ሚሺጋን፥ ዊስኮንሲን፥ ኢሊኖይና ኢንዲያና የሚባሉ አራት ስቴቶች ይከቡታል፤ ታላቁ የቺካጎ ከተማም የተሠራው በዚሁ ሐይቅ ዳርቻ ነው። ከወደቡ ላይ ቆሞ የወዲያውን ማዶ ማየት አይቻልም። ነፋስ ሲነሣበት ሞገዱ እንደ ባሕር ሞገድ ይሆናል።

በዚህ ሐይቅ ዳርቻ ባሉት እንደ ሉዲንግተንና እንደ ማኒስቲ ባሉ ትንንሽ የወደብ ከተሞች፥ በጋ በሆነ ጊዜ፥ ገና ሳይነጋ መብራታቸውን አብርተው የሚጠባበቁ ጀልባዎች ይታያሉ። እያንዳንዱ ጀልባ ካፒቴንና አንድ ረዳት አለው። ዓሣ የማጥመድ አምሮት ያደረባቸው ሰዎች፥ ለምሳሌ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ጓደኛሞች ወይም አንድ ቤተሰብ፥ ገንዘብ አዋጥተው ጀልባውን ከነካፒቴኑ ለግማሽ ቀን ይከራዩታል። የተለመደው የካፒቴን ፈቃድ የሚያስጭነው ከስድስት የማይበልጡ ከፋዮችን ነው። ይህም ፈቃድ እንዲሁ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ፈላጊው ቢያንስ 360 ቀን በውሃ ላይ ማሳለፉን ማስመስከር፥ በሐኪም መመርመርና የባሕር ጠረፍ ጠባቂው መሥሪያ ቤት የሚጠይቀውን የጽሑፍ ፈተና ማለፍ አለበት።

እንግዲህ አንባቢያችን ከነዚህ ስድስት ሰዎች አንዱ ቢሆኑ የሚያዩት እንዲህ ነው። ጀልባው ወደ ጥልቁ ከወጣ በኋላ ፍጥነቱን ይቀንስና ከሰው እርምጃ እምብዛም ሳይፈጥን ይጓዛል። ካፒቴኑ በመጀመሪያ የሚፈልገው ዓሣውን ሳይሆን ቅዝቃዜውን ነው። ሳልመን ሙቀቱ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ውስጥ መሆንን ይወዳል። በሐምሌ ወር የሐይቁ ላይኛ ክፍል ስለሚሞቅ ዓሣው ወደ ታች ይወርዳል፤ ነፋስ ሙቁን ውሃ ከዳር ገፍቶ ሲወስደው ደግሞ ቀዝቃዛው ውሃ ከሥር ስለሚወጣ ዓሣው ወደ ዳር ይቀርባል። ትናንት ዓሣ የሞላበት ስፍራ ዛሬ ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅዝቃዜው ከተገኘ በኋላ፥ አምስት ኪሎ የሚያህል ከባድ ድቡልቡል በሽቦ ታስሮ ወደ ታች ይለቀቃል። የማጥመጃው ክር በዚህ ሽቦ ላይ በትንሽ መቆንጠጫ ተይዞ አብሮ ይወርዳል። በክሩ ጫፍ ላይ እንደ ማንኪያ የጎበጠ፥ በውሃ ውስጥ እየተገላበጠ የቆሰለ ትንሽ ዓሣ የሚመስል፥ ብልጭልጭ ብረት ከነመንጠቆው አለ። ሳልመኑ ይህን በነከሰ ጊዜ ክሩ ከመቆንጠጫው ይለቅና፥ ደጋን ሆኖ የነበረው ዘንግ ድንገት ቀጥ ይላል። ረዳቱ ዘንጉን አንሥቶ ለእንግዳው ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ትግል የእንግዳው ነው። ቺኑክ የሚባለው ትልቁ የሳልመን ዓይነት ክሩን እየጎተተ ከመቶ ሜትር በላይ ሊሸሽ ይችላል፤ የቸኮለ ሰው ክሩን ይበጥሰዋል፤ የዘገየም ዓሣው ያመልጠዋል። በመጨረሻ ረዳቱ እጀታ ባለው መረብ ከውሃው ያወጣዋል፤ ወደ ወደብ ሲመለሱም ዓሣውን አጽድቶና ቆራርጦ በከረጢት ያስረክባል፤ ስለ ድካሙም ጉርሻ ይቀበላል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የጨዋታ ነገር ነው። ነገሩ ቁም ነገር የሚሆነው አንባቢያችን፥ «ይህ ዓሣ ከወዴት መጣ?» ብለው ሲጠይቁ ነው። ሳልመን የዚህ ሐይቅ ተወላጅ አይደለም። አገሩ የፓስፊክ ውቅያኖስና ወደዚያ የሚፈሱት ወንዞች ናቸው። የሚሺጋን ሐይቅ ጥንታዊ ባለቤትና የትንንሾቹ ዓሦች ገዥ ትራውት የሚባለው የሐይቁ ትልቅ ዓሣ ነበር።

የትራውት መንግሥት የፈረሰበት ታሪክ ረጅም ነው። የኒያጋራ ፏፏቴ የላይኞቹን ሐይቆች ከባሕር ፍጥረት አጥሮ ይጠብቃቸው ነበር። በ1829 ግን መርከቦች ፏፏቴውን በጎን እንዲያልፉ ዌላንድ የሚባል ካናል ተከፈተ። መርከብ በሚያልፍበት መንገድ ሌላም ያልፋል። ላምፕሬይ የሚባለው እባብ መሰል ፍጥረት፥ አፉ እንደ ዋንጫ ክብ የሆነና ከሌላው ዓሣ ገላ ተጣብቆ ደሙን የሚመጠው፥ በጊዜ ብዛት ወደ ላይ ዘለቀና በ1936 በሚሺጋን ሐይቅ ታየ። በአንድ ወገን ላምፕሬይ፥ በሌላው ወገን ያለልክ የሚያጠምደው የነጋዴ መረብ ተባበሩና፥ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ትራውት ከዚህ ሐይቅ ጠፋ ለማለት ይቻላል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ተረት እንዲህ ባለው ስፍራ ይፈጸማል።

ገዥ የሌለው አገር ለወንበዴ ይመቻል። ኤልዋይፍ የሚባለው ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ወገን የሆነ፥ አንድ ስንዝር የማይሞላ ዓሣ፥ በ1949 በሚሺጋን ሐይቅ ታየ። የሚበላው ስላልነበረ እጅግ ተባዛ። በ1967 በጋ ቁጥሩ ሊገመት የማይቻል ኤልዋይፍ በአንድ ጊዜ እየሞተ ውሃው ወደ ዳር ስለተፋው፥ በቺካጎና በሌሎቹ ከተሞች ዳርቻ በትራክተር እስኪዛቅ ድረስ ተከመረ። ሽታው መዝናኛ ፈልጎ የመጣውን ሕዝብ አባረረው።

መፍትሔው ግን ከዚያ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታስቦ ነበር። ላምፕሬይን ገና በወንዝ ውስጥ በጨቅላነቱ የሚገድል፥ ለሌሎቹ ዓሦች ግን ብዙ የማይጎዳ መድኃኒት፥ በሺህ የሚቆጠሩ ቅመሞች ከተፈተኑ በኋላ ተገኝቶ ከ1958 ጀምሮ ተሠራበት። በ1964 ሆዋርድ ታነር የሚባል የዓሣ ሊቅ በሚሺጋን ስቴት የዓሣ ጉዳይ ክፍል ሹም ሆነ። ይህም ሰው ዌይን ቶዲ ከሚባለው የሥራ ባልደረባው ጋር፥ ኤልዋይፍን መቅበር ሳይሆን ማስበላት ይሻላል ሲል አሰበ። ኮሆ የሚባለው የሳልመን ዓይነት እንቁላል ከኦሬጎን ስቴት መጣ፤ ተፈለፈለ፤ በግድብ ውስጥ አደገ፤ በ1966 በጸደይ ወራት በፕላት ወንዝና በሌሎችም ወንዞች ተለቀቀ። በሚከተለው ዓመት ቺኑክ ታከለበት። ቀድሞ ሳልመንን በነዚህ ሐይቆች ለማልመድ ከአንድ ጊዜ በላይ ተሞክሮ ሳይሆን ቀርቶ ስለ ነበር የሚጠራጠረው ብዙ ነበር። አሁን ግን ማዕዱ ቀርቦለታልና ዓሣው በፍጥነት ወፈረ። ሳልመን ያደገበትን ወንዝ በሽታው አውቆ፥ ለመራባትና ለመሞት ወደዚያው የሚመለስ ፍጥረት ስለሆነ፥ በ1967 መከር ኮሆ በብዛት ወደ ፕላት ወንዝ አፍ መጣ።

ወሬው እንደተሰማ ሕዝቡ ጎረፈ። ጀልባ ያለው በጀልባው፥ የሌለው ባገኘው ታንኳ ወደ ሐይቁ ገባ። መስከረም 23 ቀን 1967 ግን ማዕበል ተነሣ። ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ዓሣው በዝቶ ሳለ ተመለሱ ቢባል ማን ይሰማል? በዚያ ቀን ሰባት ዓሣ አጥማጆች ሞቱ። ከዚህ የተነሣ ካፒቴን ማለት ዓሣ የሚያገኝ ሰው ብቻ አለመሆኑን አንባቢያችን ይረዱታል። የካፒቴኑ ዋና ዕውቀት፥ ስድስት ሰዎች ገንዘባቸውን ከፍለው፥ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው፥ ከወደቡ ላይ ቆመው ሳለ፥ «ዛሬ አንወጣም» ለማለት መድፈሩ ነው።

እንዲህ ያለ ድፍረት ለጀልባው ብቻ ሳይሆን ለሐይቁም ያስፈልግ ነበር። ሳልመን እንዲበዛ የማይፈልግ ማን ነበር? ካፒቴኑ፥ ሆቴል ቤቱ፥ ቤንዚን ሻጩ፥ ሁሉም በዓሣው ይኖር ጀመር። ስለዚህ በየዓመቱ ብዙ ሚሊዮን ጫጩት ይለቀቅ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ቺኑክ በኩላሊት በሽታ አለቀና የሚያዘው ዓሣ በጣም አነሰ። ቀጥሎም ከአውሮፓ ወገን በመርከብ ውስጥ በሚጫን ውሃ የመጡ ትንንሽ ባለቅርፊት ፍጥረታት የሐይቁን ወለል ሞሉት። እነዚህም ውሃውን እያጣሩ ረቂቁን ምግብ ስለሚወስዱት ለኤልዋይፍ የሚተርፈው አነሰ። ከላይ ሳልመን ይበላዋል፤ ከታች ምግቡ ይወሰድበታል።

የዚህ ፍጻሜ ምን እንደሚሆን ያሳየው ጎረቤቱ የሂውሮን ሐይቅ ነው። በዚያ ሐይቅ ኤልዋይፍ በ2003ና በ2004 ወድቆ ጠፋ። የሚበላውን ያጣው ቺኑክም ተከተለው። በሳልመን ይተዳደሩ የነበሩት የወደብ ከተሞች ከሰሩ፤ ብዙ ካፒቴኖችም ሥራቸውን ተዉ። እውነቱን ለመናገር፥ ለአንዱ የጠፋው ለሌላው ልማት ሆኗል፤ ኤልዋይፍ የትራውትን ጫጩት ይበላ፥ እናቲቱንም ሲመግባት እንቁላሏን ያደክም ስለ ነበር፥ እርሱ ሲጠፋ ጥንታዊው ትራውት በሂውሮን እንደገና በራሱ መራባት ጀመረ። የሳልመን ካፒቴን ግን በዚህ ሊጽናና አይችልም።

የሚሺጋን ሐይቅ ስቴቶች ይህን አይተው ሒሳባቸውን መረመሩ። በወንዞቹ ውስጥ በራሱ የሚፈለፈለው ቺኑክ በሰው እጅ ከሚለቀቀው መብለጡ ታውቆ ነበር። ስለዚህ በ2013 የሚለቀቀውን የቺኑክ ጫጩት ወደ ግማሽ ያህል ቀነሱት፤ ከዚያም በኋላ እንደገና ቀነሱ። ነገሩን አስቡት፤ በሳልመን እንጀራውን የሚበላ ካፒቴን፥ ሳልመን እንዲቀነስ እሺ እንዲል ይጠየቃል። ቀድሞ በትራክተር ይዛቅ የነበረውን ኤልዋይፍም የመንግሥት ሊቃውንት በየዓመቱ በመረብና ድምፅን ወደ ውሃ ልኮ ገደል ማሚቶውን በሚለካ መሣሪያ ይቆጥሩታል። ትናንት የተረገመው ዛሬ የጎተራ እህል ሆነ ማለት ነው።

በነሐሴ ወር 2021 አንድ የ19 ዓመት ወጣት ከሉዲንግተን ወደብ በኪራይ ጀልባ ወጥቶ 47.86 ፓውንድ፥ ማለት ወደ 21.7 ኪሎ የሚመዝን ቺኑክ ያዘ። ይህም ከ1978 ጀምሮ የቆየውን የሚሺጋን ስቴት ወሰን ሰበረ። ይህ በቅነሳው ብቻ የመጣ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን ዓሣ ሳይበላ 21 ኪሎ አይሆንም፤ የሚበላውም የሚገኘው ከማዕዱ ዙሪያ የተቀመጠው ሰው በልክ ሲሆን ነው።

ውድ አንባቢያችን ተማሪ ቢሆኑ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ የሚያገላብጡ ጀማሪ ሠራተኛ፥ ይህ የሩቅ አገር ዓሣ ምን ይሠራልኛል ይሉ ይሆናል። ነገሩን ካናል የቆፈሩት፥ እንቁላሉን ያስመጡት፥ በኋላም የጫጩቱን ቁጥር የቀነሱት ሁሉ በወንበር ላይ ተቀምጠው የፈረሙ ሰዎች ናቸው። ካናሉን የፈረሙት መርከቡን እንጂ ከመርከቡ ጋር የሚመጣውን አላዩም። ታነርና ቶዲ ደግሞ የተበላሸውን አስተካከሉ፤ ያስተካከሉት ግን በየዓመቱ ካልተጠበቀ እንደገና የሚዛባ ነው። ጨምር የሚለው ፊርማ ሁልጊዜ ይወደዳል፤ ፈራሚውም ይመሰገናል። ቀንስ የሚለውን ለመፈረም ግን ሒሳብ ማወቅና ወቀሳን መቻል ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ወረቀት አንድ ቀን ከእርስዎ ጠረጴዛ ላይ የደረሰ እንደሆነ፥ አዳኙ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፥ የሚበላው ስንት እንደቀረ ጠይቀው ይፈርሙ።