ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም

ስለ አራት ኪሎ ስንጽፍ ብዕራችን እሳት ይተፋል። የገዛ ደጃችን ጉዳይ ሲነሳ ግን ዝምታው ይበዛል። ዛሬ ስለ ደጃችን ልናገር።

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ካሉት የእኛው ወገኖች ንግድ ቤቶች መካከል፣ ሥራ ጠያቂው ገና ሳይቀመጥ «ወንጀል ሠርተህ ተፈርዶብህ ያውቃል?» የሚል ቅጽ የሚያስሞሉ አሉ። «አዎ» ብሎ የሞላ ልጅ ስልኩ አይደወልም። ቅጹ ባይጠይቀው እንኳ ወሬው ይጠይቀዋል፤ «የእገሌ ልጅ ታስሮ ነበር አሉ» ከተባለ አበቃ።

ይህ ነውር ብቻ አይደለም፣ ሕገ ወጥም ነው! በሚኒሶታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ2009 ጀምሮ፣ የግል ቀጣሪዎች ደግሞ ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) አመልካቹን ለቃለ መጠይቅ ሳይመርጡ፣ ቃለ መጠይቅ ከሌለም በቅድመ ሁኔታ «ቀጥሬሃለሁ» ሳይሉት፣ ስለ ወንጀል ሪከርዱ መጠየቅ አይችሉም። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሚኒያፖሊስ የሆነው ታርጌት እንኳ ጥያቄውን በመላ አሜሪካ ከማመልከቻው እንደሚያወጣ በ2013 አስታውቋል። የእኛው ባለ ሱቅ ከታርጌት በምን በለጠ?

ለመሆኑ «የተፈረደበት» ማለት ማን ነው? ከምርጫ 97 በኋላ የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን ለመናድ ሞክረዋል ተብለው በ2007 ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው፣ ከቀናት በኋላ በይቅርታ ተፈቱ። ብርቱካን ሚደቅሳ ስለዚያው ይቅርታ በተናገረችው ቃል ሰበብ በዲሴምበር 2008 ዳግም ታሰረች፤ የተፈታችው በኦክቶበር 2010 ነው። በ2018 ደግሞ የዚያችው አገር ፓርላማ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማት። እስቲ እናስብ፤ በእነዚያ መካከል ባሉት ዓመታት ያንን ቅጽ ብትሞላ ኖሮ ምን ልትጽፍ ነበር? ለእሷ ሻማ ይዘን በየአደባባዩ የቆምን ሰዎች፣ ወረቀት ብቻውን ሰውን እንደማይገልጽ ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባን ነበር።

«እነሱ የኅሊና እስረኞች ናቸው፤ የእኛ ሰፈር ልጅ ግን ሰርቆ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጥፋት ጥፋት ነው። ግን ቅጣቱን የወሰነው ፍርድ ቤት ነው፤ ልጁም ጨርሶታል። ከዚያ በላይ ዕድሜ ልክ የሚፈርድ ሥልጣን ለባለ ሱቅ ማን ሰጠው?

«ታዲያ ሌባ ልቅጠር?» ለሚለኝም መልስ አለኝ። ሕጉ ዓይንህን ጨፍን አላለም፤ መጀመሪያ ሰውየውን እይ፣ ከዚያ ጠይቅ ነው ያለው። በመሐንዲስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ስንጥቅ የተገኘበትን ብረት ሁሉ አልጣልንም፤ የት እንደተሰነጠቀና ምን ሸክም እንደሚጠብቀው መርምረን ነው የወሰንነው። ሰውማ ከብረት ይበልጣል። እንደ ሆም ኬር ባሉ ሥራዎች ደግሞ ምርመራውን የሚያካሂደው ራሱ ስቴቱ ነው፤ የተከለከለም ሰው ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። እዚያ ቦታ የቡና ላይ ሐሜት ምን ይሠራል?

የውጭውን በር ደግሞ እንየው። ዴቫ ፔጀር የተባለችው ምሁር በጎረቤታችን ዊስኮንሲን፣ በሚልዋኪ ከተማ አጥንታ በ2003 ባሳተመችው ሥራ፣ ተመሳሳይ ትምህርትና ልምድ ይዘው ሥራ ካመለከቱት መካከል ሪከርድ የሌላቸው ነጮች 34 በመቶ፣ ሪከርድ አለብን ያሉ ነጮች 17 በመቶ፣ ሪከርድ የሌላቸው ጥቁሮች 14 በመቶ፣ ሪከርድ አለብን ያሉ ጥቁሮች 5 በመቶ ያህል ብቻ ተጠሩ። ንጹሑ ጥቁር ከተፈረደበት ነጭ ያነሰ ዕድል አገኘ! ሪከርድ ያለበት ልጃችን ሲጀመርም የቀረው በር ጠባብ ነው። እሱንም እኛው እንዝጋው?

ለወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በጊዜው ስትጠየቁ አትዋሹ፤ የሆነውንና ከዚያ ወዲህ የሠራችሁትን ባጭሩ ተናገሩ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሚኒሶታ ሕግ ብዙ ቀላል ጥፋቶች፣ የተወሰነ ጊዜ ያለ አዲስ ጥፋት ካለፈ፣ ያለ ማመልከቻ ከሪከርድ እንዲታሸጉ ያዛል። ግን ተጠንቀቁ! ስቴቱ ያሸገው ለፌዴራሉ ኢሚግሬሽን አልታሸገም። ዜግነት ስትጠይቁ የታሸገውንም መናገር ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ከመሙላታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ባለ ንግድ ቤቶች ሆይ፣ ያንን ጥያቄ ዛሬውኑ ከቅጻችሁ አውጡ። የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድና የዕድር ሽማግሌዎችም ይህንን ጉዳይ ከጓዳ ሹክሹክታ አውጥታችሁ በስብሰባ ተነጋገሩበት። አገር ቤት ላለው መንግሥት «የታሰረ ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም፣ የተፈታም ሰው ነው» እያልን ስንጮህ ኖረናል። እስቲ ጩኸታችንን በገዛ ሱቃችን እንጀምረው።

ቸር ይግጠመን!