የንጋት ሐይቅ የውኃ ቀለም ለዓሣ ሀብትና ለኅብረተሰብ ጤና ያለው ትርጉም

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ግንባታው ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በፍጥነት ይፈስ የነበረውን ዓባይን ከግድቡ በስተኋላ ወደ ሰፊ ሐይቅነት ለውጦታል። ንጋት የሚል ስያሜ የተሰጠው ይህ ሐይቅ ለአካባቢው ነዋሪዎች የዓሣ ማስገር ዕድል ከፍቷል። የዚህ ሀብት መሠረት ግን በዓይን የማይታዩት ፋይቶፕላንክተን የተባሉ ደቂቅ ተንሳፋፊ ፍጥረታት ናቸው። በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ፤ ቆሮሶን የመሳሰሉ ዓሦችም ይመገቧቸዋል።

በክረምት ዓባይ ደለል ስለሚሸከም ብርሃን ወደ ውኃው ጠልቆ አይገባም፤ ጎርፉም ደቂቃኑን ጠርጎ ይወስዳል። ታሊንግ እና ርዞስካ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ስለዚሁ ወንዝ የሱዳን ክፍል ያሳተሙት ጥናት፣ ፋይቶፕላንክተን የሚበዛው ጎርፉ ካለፈ በኋላ በግድብ በተከተረ ውኃ ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። ውኃ ሲተኛ ደለሉ ይዘቅጣል፤ በውኃ የተዋጠው አፈርና ዕፅዋትም ንጥረ ነገር ይለቃል። በመሆኑም በአዳዲስ የግድብ ሐይቆች የመጀመሪያ ዓመታት የዓሣ ምርት ከፍ ብሎ፣ ቆይቶ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። በማኅበር የተደራጁ አስጋሪዎች ጀልባና መረብ ለመግዛት ብድር ሲወስዱ ይህንኑ ከግምት ማስገባት ይኖርባቸዋል።

የፋይቶፕላንክተን መብዛት ብቻውን የሐይቅ ጤንነት ምልክት አይደለም፤ ዓይነቱም መለያየት አለበት። ከእርሻ ማዳበሪያ፣ ከታጠበ አፈርና ከፍሳሽ የሚመጣ ንጥረ ነገር ሲከማች ሳይኖባክቴሪያ የተባለው ዓይነት ሌሎቹን ሊያጠፋ ይችላል። በቆቃ ሐይቅ በተደጋጋሚ የታየው አረንጓዴ የውኃ ቀለም ለዚህ ምሳሌ ነው። ከዚህ ወገን የሆነው ማይክሮሲስቲስ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። የዓለም ጤና ድርጅት ማይክሮሲስቲን ኤልአር ለተባለው መርዝ፣ ለረጅም ጊዜ በሚጠጣ ውኃ ውስጥ ያስቀመጠው ጊዜያዊ መመሪያ መጠን በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው።

ስለሆነም የሐይቁ ውኃ እንደ አረንጓዴ ቀለም ሲወፍር ወይም አረፋ መሰል ንጣፍ ሲይዝ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ መጠቀም አይገባም፤ ሕፃናትና ከብቶችም ሊርቁት ይገባል። ማፍላት ጀርሞችን ቢገድልም ይህን መርዝ አያስወግድም። የውኃውን ለውጥ ያየ ነዋሪ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ፈጥኖ ማሳወቅ፣ የሞተ ዓሣ ካየም ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት መጠቆም ይጠበቅበታል።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ከሐይቁ ዳርቻ ይልቅ ከተፋሰሱ ይጀምራል። በተዳፋት ማሳዎች ላይ የሚሠራ እርከን፣ በወንዝ ዳር የሚጠበቅ ዛፍና በአግባቡ የሚወገድ ፍሳሽ የሐይቁን ውኃም ሆነ የአስጋሪውን እንጀራ ይጠብቃሉ።