የጥላሸት ውለታ

ባለፈው ቅዳሜ አየር ጤና፣ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ተራዬን ስጠብቅ ልጁን «ለመሆኑ ጎማ ሁሉ ለምን ጥቁር ሆነ?» አልኩት። ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እየፈለገ ነበር። ቀና ሳይል «ጭቃ እንዳይታይበት ነዋ፣ ጋሼ» አለኝ።

የሰፈሩን ክረምት ለሚያውቅ ሰው መልሱ ያሳምናል። ግን ከጎማ ዛፍ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ወተት ይመስላል፤ የመጀመሪያዎቹ የመኪና ጎማዎችም ነጣ ያሉ ነበሩ። ያጠቆራቸው ጥላሸት ነው። እያጋነንኩ አይደለም። ፋብሪካዎች «ካርቦን ብላክ» የሚሉት ዱቄት፣ ዘይት በቂ አየር በሌለበት እቶን ሲነድ የሚቀር ብናኝ ነው፤ ኩራዝ ግድግዳ ላይ ለሚተወው ጥቀርሻ የቅርብ ዘመድ። ቅንጣቱ የሚለካው በአስር ቤት ናኖሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ሲካፈል የምትገኘዋ ናት ናኖሜትር። በየጉባኤው ስሟ ሲነሳ የምንደነግጥላት ናኖ፣ ለካ በእናቶቻችን ማድቤት ጣሪያ ላይ ተንጠልጥላ ነው የኖረችው።

ጥላሸት ጎማን እንደሚያጠነክር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1904 በለንደን፣ ሲልቨርታውን በሚባል ሰፈር በነበረ ፋብሪካ ነው። ዛሬ ከአንድ ጎማ ክብደት ሩብ ያህሉ እሱ ነው። ጎማ እንደ ተወሳሰበ ክር የተጠላለፉ ረጃጅም ሰንሰለቶች ክምችት ነው፤ ፖሊመር የሚሉት ይህንን ነው። ሲጎተት ክሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታሉ፤ አስፋልት ሲፍቀው ይበጣጠሳሉ። ጥላሸቱ መሀል ሲገባ ግን ክሮቹ የሚጣበቁበት ገላ ያገኛሉ። ያውም ምን ያህል ገላ! ለጎማ ጥርስ ከሚመረጠው ዓይነት አንዷ ግራም ተዘርግታ ብትለካ 100 ካሬ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ከብዙ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ትሰፋለች። ስምን ጥላሸት መቀባት እያልን የምንሰድበው ነገር ከመርካቶ አየር ጤና የሚመላለሰውን ሚኒባስ ሁሉ ተሸክሞ ይውላል።

ታዲያ ዱቄቱን መጨመር ብቻውን አይበቃም። ሽሮ ሠርቶ የሚያውቅ ይገባዋል፤ ዱቄቱን ባንዴ ገልብጦ ካላማሰሉት ይጓጉላል። የጓጎለ ጥላሸት ማጠንከሩ ቀርቶ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል። የጎማ ፋብሪካ ሆድ ውስጥ ካሉት ማሽኖች ትልቁን ሥራ የሚሠራው ማቡኪያው ነው።

የእኔ ቅሬታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ስሙን ከማልጠራው ሱቅ ለግቢዬ ጥቁር የውሃ ቱቦ ገዛሁ። ጥቁር ማለቴን ልብ በሉ። በደንብ የተዋሃደ ካርቦን፣ ከመቶ 2 እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ፕላስቲክን ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይከላከላል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ለተቀመጠች አዲስ አበባ ይህ ቅንጦት አይደለም። ቱቦዬ በሁለተኛው በጋ ተሰነጣጠቀ። በምላጭ ቆርጬ በማጉያ መነጽር ሳየው ጥቁር ነጠብጣብና ነጣ ያለ መስመር ተዥጎርጉሮበታል። ስንጥቁም መስመሩን ተከትሏል። የጎሚስታው ልጅ መልስ ቢያንስ ለእኔ ቱቦ ልክ ነበር፤ ጥቁረቱ የገባው ጉድ እንዳይታይበት ነው። የሚሸፍን ጥቁርና የሚያጠነክር ጥቁር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን መንታ ናቸው።

ጥላሸት በደንብ ካልተዋሃደ እንደማይረባ የብራና ጸሐፊዎቻችን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ቀለማቸውን ከጥላሸትና ከሙጫ በጥብጠው፣ እያሹ፣ ለወራት ያቆዩት ነበር። ሙጫው ራሱ የተፈጥሮ ፖሊመር ነው፤ ቅንጣቷን አልብሷት ከእህቷ ጋር እንዳትጓጉል ያደርጋል። ቀለሙ ከዘመናት በኋላም ጥቁር ነው።

ዛሬ የምርምር ወረት ሌላው የካርቦን መልክ፣ ውፍረቱ በናኖሜትር የሚለካው የካርቦን ናኖቱቦ ነው፤ ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ካስተዋወቀው ወዲህ ዓለም ብዙ ተስፋ ጥሎበታል። እሱም ቢሆን ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ እንዳልተበጠረ ጸጉር እየተቋጠረ ያስቸግራል። ናኖቱቦ ይጠና፤ አልቃወምም። ግን የምህንድስና ተማሪ ለመመረቂያው ርዕስ ሲያጣ ከየሱቁ አንድ አንድ ክንድ ቱቦ ቢገዛ፣ ስስ አድርጎ ቆርጦ ማይክሮስኮፕ ስር ቢያየው፣ የተቀረውን አየር በሌለበት አግሎ ፕላስቲኩን ካተነነ በኋላ ካርቦኑ ስንት እጅ እንደሆነ ቢመዝን እመርጣለሁ። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ውጤቱን እኔ ራሴ ወረፋ ይዤ አነበዋለሁ።

ልጁ የተበሳውን ቦታ አግኝቶ በሞረድ ፋቀው፤ ማስቲሽ ቀባና አስቀመጠው። ሰዓቴን እያየሁ «ቶሎ ለጥፈው እንጂ» አልኩት።

«ሳይነፍስበት ከለጠፍኩት ነገ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ጋሼ።»